ቤት ሲመታ

ቤርሳቤህን ያወቅኋት ድሮ፣ ቄሱ ኦሪት ሲያነብ፤
ሰባት ቄብ በጎች ነበረች፣ አንድ ጉድጓድ፣ የተጠማ ሕዝብ።
ዛሬ ባጄን ደረቴ ላይ፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣
ከማዘጋጃ ቤቱ አሮጌ አዳራሽ ሥር ቆሜያለሁ፣ አንገቴን አስግጌ።

ግራጫ ነው፤ ቀለም የሚባል ነገር ጎብኝቶት አያውቅም፤
ሐምሲን በነፈሰ ቀን ከሰማዩ የሚለየው የለም።
ከመንገዱ ማዶ የቱርክ ዘመን መስጊድ፣ ከቢጫ ድንጋይ የታነፀ፣
ቅስት በቅስት ላይ፣ በትዕግሥት የተቀረፀ፤
ይኼኛው ጌጥ የለው። ቀጥ ቀጥ ያሉ ክንፎች፣ ፀሐይን የሚቆራርጡ፣
ከጥላ በቀር ለሰው ምንም የማይሰጡ።

ሐሙስ ማታ ምክር ቤቱ ይቀመጣል፤ ይፍረስ ወይ ይጠገን።
እኔ ቁጥር ነው የማቀርበው፣ የለኝም የምይዘው ወገን፤
ሁለት ሚሊ በምሥራቅ በኩል፣ በሰሜን አራት ተኩል፤
የዛገው ብረት ቆዳውን ቀዶ እንደ ጎድን አጥንት ይታያል።
«ወህኒ ቤት ይመስላል» ትላለች ዘሃቫ፣ የምክር ቤት አባሏ፤
በቦታው ሃያ ፎቅ መስታወት ተስሏል በፋይሏ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም አልወደውም።
በልጅነቴ እናቴ ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ቁጥር ይዛ ተቀመጠች፤
ቁጥሯ ሳይጠራ መብራት ጠፋ፣ ጸሐፊዎቹ ቁልፋቸውን እያንሿሹ ወረዱ።
ሐምሌ ነበር። ግድግዳው ግን ቀዝቃዛ ነበርና
ጉንጯን አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ፕሮስፐር ኦሃዮን መጣ፣ ባለ ከዘራ ሽማግሌ።
ሰላም አላለኝም። መነጽሩን አውልቆ
ግድግዳውን እንደ ፈረስ ጎን በመዳፉ ዳበሰው።
«ይቺ የጥድ ዐይን ናት» አለ፣ «መጋዜን የሰበረች፣ ክፉ አንጓ።
እኔ የበርና የሣጥን አናጺ ነበርኩ፤
በቆርቆሮው ሰፈር በር የሚያሠራ ማን ነበር?
ሣጥን ሥሩ አሉን፣ ቤት የሚያክል ሣጥን። ሠራን።
ኮንክሪት አፈሰሱበት። በሰባተኛው ቀን፣ በሉ አፍርሱት አሉን።
ጣውላውን ወደ ቤት ወሰድን፤ ክረምት ነበር፣ በረሃ ክፉ ይበርዳል፤
እናቴ እስከ መጨረሻዋ ስንጣሪ አነደደችው።
ሥራዬ አመድ ሆነ። ግን እዪ፣ እስቲ ቀርበሽ እዪ።»

ቀርቤ አየሁ፤ ግራጫው ላይ የእንጨት ደም ሥር፣
ዘመን በዘመን ላይ የተሰመረ፣ የሌለ ዛፍ ምስክር።
አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ሰሙን ቀርጾ፣ ጭቃ አልብሶ ሲተኩሰው፣
ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ፣ በባዶው ቦታ ናስ ሲያፈስሰው፣
«አታልቅሺ፤ ሰሙ ሲሄድ ወርቁ መልኩን ይወርሳል» ይለኛል።
እዚህ ሰሙ የጥድ ጣውላ ነው፤
ወርቁ ግን፣ አባባ፣ ሲሚንቶ ሆኖብኛል።

በእኛ ቋንቋ ቤት የሚመታ ገጣሚ ነው፣ ቃል ከቃል የሚያጋጥም፤
እዚህ ቤት የሚመታው የብረት ኳስ ነው፣
የሚፈልጥ እንጂ የማይገጥም።

«በሰሜኑ ጥግ ስንት አገኘሽ?» አለ ፕሮስፐር።
«አራት ተኩል።»
ሳቀ። «እዚያች ጋ ሰንፌ ነበር። ጣውላ አጥሮኝ
ክፍተቱን በጋዜጣ ደፈንኩት። ለማንም አልተናገርኩም።»

ባትሪዬን አበራሁ፣ ጎንበስ አልኩ።
በስንጥቁ ከንፈር ላይ፣ ተገልብጠው የታተሙ ሦስት ፊደላት፤
ከየትኛው ቀን ወሬ፣ ስለ ማን እንደሆነ እንጃ።
በቅጹ ላይ ለእነሱ የሚሆን ሣጥን የለም።
አራት ተኩል ብዬ ጻፍኩ፤
እርሳሴ እዚያው ትንሽ ቆየ።